በግራ በኩል የገባው ሰው

ይህ ከሰው ሰምቼ ቀባብቼ የማቀርብላችሁ ወሬ አይደለም። የደረሰው በእኔ ላይ ነው። የማያምን ሰው መብቱ ነው፤ ብቻ አንብቦ ሲጨርስ የቤቱን በር መዝጋቱን ያረጋግጥ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ጭጋግ የለ፣ ማዕበል የለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል...

መርከባችን ሚሳጎ ከጃፓን ርቃ፣ በየትም በኩል መሬት በማይታይበት ውቅያኖስ መሃል ቆማለች።

ቺግሳ እባላለሁ። የሙሮቶ ወደብ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ቱና ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጥኩም። የባሕር ወለል ካርታ ማንበቡንም፣ የብረት ገመዱን የሚጠቀልለውን ዊንች መቆጣጠሩንም፣ ድንጋይ ከድንጋይ መለየቱንም ብቻዬን ነው የተማርኩት። መርከቡ ላይ ያሉት ዶክተሮች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ።

ይበሉ።

እኔም ዝም አልላቸውም ነበር። "የዚህች ልጅ ምላስ ስለት ነው" ይሉኛል።

ይሉኝ ነበር ማለት ነው ያለብኝ...

ሥራችን ቀላል ይመስላል። ከውቅያኖሱ ስር፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት፣ የሞቱ እሳተ ገሞራዎች በሰልፍ ቆመዋል። ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነው። እንዴት በአንድ መስመር ሊቆሙ ቻሉ? ፕሮፌሰር ሺባሳኪ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ጥያቄ ነው።

ለአዲስ ሰው ሲያስረዱ የገበታ ጨርቅ አንስተው በሻማ ላይ ቀስ እያሉ ይጎትቱታል።

"ሻማው አይንቀሳቀስም" ይላሉ። "የሚሄደው ጨርቁ ነው። የባሕሩ ወለል ጨርቁ፣ በምድር ሆድ የሚነደው እሳት ሻማው። ተራሮቹ ጨርቁ ላይ የቀሩት የቃጠሎ ነጥቦች ናቸው።"

ሌሎች ምሁራን ግን አይስማሙም። ሻማው ራሱ ይሄዳል ነው የሚሉት።

ማን ልክ እንደሆነ የሚፈርደው ድንጋዩ ነው። ከየተራራው ድንጋይ አውጥቶ ዕድሜውን መለካት። ስለዚህ ከሰንሰለት የተሠራ ትልቅ ከረጢት በረጅም የብረት ገመድ እናወርዳለን፣ ተራራውን እየቧጠጥን እንጎትታለን፣ ከዚያ እናወጣለን። ገመዱ ምን ያህል እንደከበደው የሚያሳየውን መለኪያ የማነበው እኔ ነኝ። ከረጢቱ ድንጋይ ሲነክስ መርፌው ይዘላል። ሲለቅ ይወድቃል።

በዚያ ጉዞ ግን ከረጢቱ የሚያወጣው ጭቃ ብቻ ሆነ። በየቀኑ ጭቃ። የመመለሻችን ቀን ቀረበ፣ ፕሮፌሰሩ ባዶ እጃቸውን ሊገቡ ነው።

"ዊንቹን የምትይዢው እንደ ዓሣ መንጠቆ ነው" አሉኝ ሁሉም እየሰማ።

"ዓሣ ቢሆንማ ይመጣልኝ ነበር ፕሮፌሰር። የሸሸዎት ድንጋዩ ነው።"

መርከበኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

እንግዲህ በዚያ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመርከበኞቹ አለቃ አጎቴ ኢሶጂ በግራ በኩል ወደ ባሕሩ ጠቆመ።

"ዝም በሉ" አለ በሹክሹክታ።

የሆነ ነገር ተንሳፍፏል።

ሰው ነበር። በፊቱ የተደፋ። የዓሣ አጥማጅ ቢጫ ዝናብ ልብስ ለብሷል። በቀኝ እግሩ ጥቁር የጎማ ቡትስ አለ። ግራው ባዶ ነው...

"ኤቢሱ ነው" አለ አጎቴ ኢሶጂ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

የእኛ የባሕር ዳር ሰዎች በባሕር ላይ የተገኘን ሬሳ እንዲህ ነው የምንጠራው። አስጋሪ ኤቢሱ አይቶ አልፎ አይሄድም። ያነሳዋል፣ አገሩ ያደርሰዋል፤ እሱም በምላሹ መረቡን በዓሣ ይሞላለታል። ግን ሥርዓት አለው። በግራ በኩል ይገባል፣ በቀኝ በኩል ይወጣል። ከመግባቱ በፊት ደግሞ ውል ይገባል። አንድ ሰው ይጠይቃል። ሌላ ሰው ከሬሳው ጀርባ ቆሞ ስለ እሱ ይመልሳል።

በግራ በኩል አወጣነው። ፊቱን አልነግራችሁም። ዓሦች ቀድመውናል።

አጎቴ ኢሶጂ ከሬሳው ፊት ተንበረከከ። "ማነው የሚመልስለት?"

ሁሉም ጫማ ጫማውን ያያል።

ፕሮፌሰሩ ካሜራቸውን አንጠልጥለው በሳቅ መጡ። "ምላስ ያላት አንድ ሰው አለች እኮ። ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?"

እንዲህ ተብዬ ወደኋላ የምል ሰው አይደለሁም። ከሬሳው ጀርባ ሄጄ ቆምኩ።

አጎቴ ኢሶጂ ጠየቀ። "ድንጋይ ትሰጠናለህ?"

"እሰጣለሁ" አልኩ።

"ብዙ ትሰጣለህ?"

"ከረጢታችሁ እስኪቀደድ።"

"ከሰጠህ ቤትህ እናደርስሃለን። ቤትህ የት ነው?"

ይሄኔ ነገሩ ተያዘ። ኪሱ ውስጥ መታወቂያ የለ። ልብሱ ላይ ስም የለ። አጎቴ ኢሶጂ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ውሉ መሃል ላይ አይቆምም...

"ሙሮቶ" አልኩ። "ከወደቡ በላይ፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ቤት። እናቴ ትጠብቀኛለች።"

የአጎቴ ኢሶጂ ፊት አመድ መሰለ።

"የራስሽን ቤት ሰጠሽው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ የማንን ልስጠው? የእርስዎን?"

ያን ጊዜ ከሬሳው አፍ ትንሽ ውሃ ፈሰሰ። ጥቂት ነው። ሰው "እሺ" ሲል እንደሚወጣው ትንፋሽ...

ሬሳውን በሰማያዊ ሸራ ጠቅልለን ድንጋይና ጭቃ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አስገባነው። ካፒቴን ኩማጋይ ወዲያው ለባሕር ጠባቂዎች በሬዲዮ ማሳወቅ ነበረበት። ፕሮፌሰሩ ክንዱን ያዙት።

"ካሳወቅህ ተመለሱ ይሉናል። አንድ ጎተታ ብቻ። ድንጋዩን ላግኝ፣ ከዚያ ለፈለግኸው ንገር።"

ካፒቴኑ ሬዲዮውን አስቀመጠ።

ከረጢቱን አወረድን።

መለኪያው ፊት ተቀመጥኩ። መርፌው እንደወትሮው እንዲዘል ጠበቅኩ። አልዘለለም።

ትንሽ ከፍ አለ። ቆመ።

ደግሞ ትንሽ ከፍ አለ። ቆመ።

ደግሞ...

ዊንች ላይ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው ዘምቢል ይዞ ገበያ ሲሄድ፣ ሻጩ ድንቹን አንድ በአንድ ሲጨምርለት ክንዱ እንዴት እንደሚከብደው ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

የሆነ ነገር ከታች ከረጢቱን እየሞላልን ነበር።

ሲወጣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነበር፤ እስኪቀደድ ሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ተንበርክከው ድንጋዩን አቀፉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እኔ ግን አንዱን አነሳሁ።

በባሕር ስር ዘመናት ያስቆጠረ ድንጋይ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል። ይህ ቅርፊት የለውም። ዛሬ ጠዋት የተፈለጠ ይመስላል።

ሁሉም እኩል ናቸው። ሁሉም በመዳፍ ልክ።

ሙቅ ናቸው።

"ፕሮፌሰር፣ ይሄ ድንጋይ የተመረጠ ነው" አልኩ። "ይዩት። በእጅ ተለቅሞ ነው።"

"በማን እጅ?" አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ቀዝቃዛው ክፍል ያለበትን በር ነው ያየሁት።

ዓርብ ነበር። ዓርብ በመርከባችን ካሪ የሚባለው ወጥ በሩዝ ይበላል፤ ሁሉም ሰው ምግብ ቤት ይገባል፣ ውጭ፣ የመርከቡ ወለል ላይ ማንም አይቀርም። ሁለተኛ ሳህን ላይ ሳለሁ አጎቴ ኢሶጂ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ፕሮፌሰሩ የሉም" አለ። "ካፒቴኑም።"

ሮጥን።

ሁለቱ በግራ በኩል፣ በመርከቡ ጠርዝ ባለው አጥር አጠገብ ቆመው እጃቸውን ይጠርጋሉ። የቀዝቃዛው ክፍል በር ክፍት ነው። ከተበጠሰው ሰንሰለት የተራረፈው ቁራጭ አብሮ ጠፍቷል...

"የት አደረሳችሁት?" አለ አጎቴ ኢሶጂ።

ካፒቴኑ ዞር አለ። ፕሮፌሰሩ ግን ቀጥ ብለው አዩን።

"በጊዜው አላሳወቅንም። አሁን ብናሳውቅ መርከቡ ይታገዳል፣ ድንጋዩም አብሮ ይታሸጋል። ስም የሌለው፣ ጠያቂ የሌለው ሰው ነው። ባሕር ነው ያመጣው፣ ባሕር ወሰደው።"

"ቃል ገብተናል" አልኩ።

"ለማን?"

"ለእሱ ነዋ። ድንጋዩን ሰጠን።"

ሳቁ። ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ።

"ስለ እሱ የመለስሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ቅር ካለው አንቺን ቅር ይበልሽ። ክፍልሽ ግቢና ከራስሽ ጋር ታረቂ።"

አፌ ላይ የመጣ መልስ ነበረኝ። የሚያቃጥል መልስ። ላወጣው ስል ድምፄ ተሰነጠቀ። የወጣው ሻካራ ትንፋሽ ብቻ ነው።

"አየህ ኢሶጂ" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ "ቃል ያጠራት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።"

አጎቴ ኢሶጂ እሳቸውን አልሰማም። የሚያየው አጥሩን ነው።

"በግራ በኩል ነው የጣላችሁት" አለ። "በገባበት በኩል። ታዲያ ይሄ ሰው መቼ ወጣ?"

ከዚያ ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝና በጆሮዬ አወራኝ።

"ስሚኝ ልጄ። ያንቺን ድምፅ ይዞ ነው የሰመጠው። ቤቱ ሳይገባ አይመልስልሽም። አንድ መንገድ አለ። በቀኝ በኩል ቁሚና 'ወርጃለሁ፣ ውሉ አልቋል' በይ። መናገር ያለብሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ የመለስሽለት አንቺ ነሽና። ግን ድምፅሽ ሳያልቅ..."

ወደ ቀኝ በኩል መራመድ ጀመርኩ።

"ቺግሳ!" ፕሮፌሰሩ ናቸው። "ወደ ዊንቹ! በዚሁ ተራራ ላይ አንድ ጎተታ ይቀረናል።"

"ትንሽ ደቂቃ" አልኩ በሻከረ ድምፅ።

"አሁን። ወይም የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ስምሽን አልጽፈውም። ትምህርት የሌላትን ሴት ሌላ የትኛው መርከብ እንደሚወስዳት አያለሁ።"

ካፒቴኑ በትከሻዬ ይዞ መለኪያው ፊት አስቀመጠኝ። ሰው ክፉ የሚሆነው ሲፈራ ነው።

ከረጢቱ ወረደ።

መርፌው ምንም አላሳየም። አንድም ትንሽ ክብደት የለም። ጎተትን... ጎተትን... ወጣ።

ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ አልነበረም። ጭቃም አልነበረም።

ሰማያዊው ሸራ ነበር።

አልተቀደደም፣ አልተጨማደደም። እንግዳ ከተኛበት ተነስቶ ሲሄድ አልጋ ልብሱን እንደሚያጥፈው፣ ጥግ ከጥግ ገጥሞ በአራት ታጥፏል።

ያን ጊዜ ማንም አላስቆመኝም። ወደ ቀኝ በኩል ሮጬ አጥሩን ያዝኩ። አፌን ከፈትኩ።

ወርጃለሁ ልል ነበር...

ምንም። ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ጉሮሮዬ ባዶ ቤት ሆኗል።

ከመርከቡ ግራ በኩል ግን፣ ከታች፣ ከውሃው አካባቢ፣ አንዲት ሴት ሳቀች።

ሳቁን አውቀዋለሁ። የእኔ ነው።

ወደ አገር መመለስ ጀመርን። የባሕሩን ወለል የሚለካው መሣሪያ እንደበራ ነው፤ መርከቡ በሄደበት ሁሉ ከስሩ ያለውን ይስላል። በሄድንበት መንገድ ነው የምንመለሰው፤ ወለሉን አውቀዋለሁ፣ ስንሄድ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ሜዳ ነበር። ዝርግ፣ እንደ ጠረጴዛ።

አሁን ጉብታ አለበት።

ትንሽ ጉብታ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ... ሁሉም በአንድ መስመር።

ፕሮፌሰሩ የመሣሪያው ስክሪን ላይ ተጣብቀው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። "አዲስ ተራሮች! ማንም ካርታ ላይ ያላወጣቸው! መስመሩን አያችሁት? ጨርቁና ሻማው!"

እስክሪብቶ አነሳሁ። የመርከባችንን መንገድ ካርታው ላይ አሰመርኩ፤ ከዚያ ጉብታዎቹን ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩና ገፋሁላቸው።

አንድ ናቸው። ስንታጠፍ ታጥፈዋል። ስንዘገይ ተጠጋግተዋል።

ካርታው ጠርዝ ላይ ጻፍኩላቸው፦ "የሚሄደው ሻማው ነው።"

አነበቡት። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲሞት አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሦስታችን ነበርን። እኔ፣ አጎቴ ኢሶጂ፣ ከፊታችን ፕሮፌሰሩ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ሳህኖቹ ላይ ያበራል።

ግድግዳው ላይ ያለው የውስጥ ስልክ ጮኸ። ፕሮፌሰሩ አነሱት። ድምፁ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ሁላችንም ሰማነው።

"ፕሮፌሰር፣ በግራ በኩል ይምጡ። የጎደለዎትን ድንጋይ አግኝቼልዎታለሁ።"

የእኔ ድምፅ ነው። ያው ኩራቱ፣ ያው ሽሙጡ። በደህና ቀኔ የምናገረው ዓይነት።

ፕሮፌሰሩ ስልኩን እንደያዙ አዩኝ። አፌ ሩዝ ሞልቶታል። እጄ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ድምፅሽን ቀድተሽ ነው አይደል?" አሉ። "ከማን ጋር ተስማምተሽ ነው? ማን ነው እዚያ ያለው?"

ራሴን ነቀነቅኩ። አይሂዱ ለማለት ነበር። እውነት ለማለት ነበር...

"ቆይ አሳያችኋለሁ" ብለው ወጡ።

"ይቀመጡ!" አለ አጎቴ ኢሶጂ። በሩ ተዘግቶ ነበር።

ጩኸት አልነበረም። የውሃ ድምፅም አልነበረም። ስንወጣ በግራ በኩል ማንም የለም። ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ ግን ድንጋይ ተደርድሯል። በመዳፍ ልክ፣ አንዱ ከአንዱ እኩል ርቀት፣ የሰው እርምጃ ያህል።

አጎቴ ኢሶጂ አንዱን ነካና እጁን ቶሎ ሳበ።

"ይሞቃል" አለ። "ቃሉን ያፈረሰውን ወሰደ። አሁን የቀረው ቤቱ መግባት ነው።"

ቤት የለውም አልኩ በከንፈሬ ብቻ።

"አለው እንጂ ልጄ" አለኝ። እንደ አባት ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። "አንቺ ሰጥተሽዋል።"

ካፒቴኑ ለሚመለከታቸው ሁሉ ፕሮፌሰሩ አዳልጧቸው ወደቁ ብሎ ተናገረ። ስለ ኤቢሱ ትንፍሽ ያለ የለም። ድንጋዩ ወደ መመርመሪያ ሄደ። ዕድሜው ስንት ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። መለኪያው ዕድሜ አላገኘበትም አሉ። የዛሬ ድንጋይ ነው አሉ።

ሙሮቶ ገባሁ።

እናቴ ሰማያዊው ጣሪያ ስር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሐኪሞቹ ጉሮሮዬ ጤነኛ ነው ይላሉ። ከእናቴ ጋር በወረቀት እያወራሁ ሰነበትኩ። እሷ ወረቀት ትጠላለች። በልጅነቴ ቤቱን በወሬ የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ሲሞት ቤቱ ዝም ያላለባት በእኔ ምላስ ነው። አሁን መነጽሯን ፈልጋ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርባ፣ አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ ታየኛለች። የሆነ ነገር እንድጨምር ትጠብቃለች...

ትናንት ጠዋት ግን ከላይ ቤት ስወርድ እየዘፈነች አገኘኋት።

"እንዲያው ምን ያለ ሳቅ ነው ያሳቅሽኝ ቺጉ" አለችኝ። "ያን ሁሉ ቀን ዝም ብለሽ፣ ዛሬ ከወደቡ ደረጃ ላይ ሆነሽ እንዲያ ትለቂው? ጎረቤት ሁሉ ሰማሽ።"

ወረቀት ይዤ ጻፍኩ፦ "እኔ ከቤት አልወጣሁም።"

አንብባ ፊቷ ተኮሳተረ። "ደግሞ ጀመርሽ?" አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ምድጃው አጠገብ ጣለችው።

ማታ አጎቴ ኢሶጂ መልእክት ላከልኝ። በዓሣ ጀልባ የወደባችንን ወለል ለክቶ ነበር። ከመልሕቅ መጣያው ስር፣ ከደረጃው አጠገብ፣ ጉብታ አለ ይላል። ከዚያ በፊት አልነበረም።

"በምንም ምክንያት በሩን እንዳትከፍቺ" ብሎ ነው የጨረሰው። "እናትሽም እንዳትከፍት አድርጊ።"

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍኩ። "እማዬ፣ ለእኔ ድምፅ አትክፈቺ።" እናቴ አንብባ አለቀሰች። አመመሽ እንዴ ልጄ አለችኝ። ከዚያ ላይ ቤት ወስዳ አስተኛችኝ።

አሁን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ይህን የምጽፍላችሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው።

ከታች በሩ ተንኳኳ።

"መጣሁ እማዬ!"

የእኔ ድምፅ ነው። ደስተኛ ነው...

እናቴ ስትሮጥ ይሰማኛል። ወረቀቱ ሲቀደድ ይሰማኛል። የግራው ተንሸራታች በር ሲከፈት ይሰማኛል።

"ውይ ልጄ፣ እንዴት ነው የረጠብሽው! ነይ ግቢ፣ ግቢ። ሩዝ በኮምጣጤ ላቅርብልሽ?"

"ብዙ አድርጊልኝ። ረጅም መንገድ ነው የመጣሁት።"

እናቴ ሳቀች። ከተመለስኩ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ከአልጋዬ ስነሳ የላይ ቤቱ ወለል ተንቋቋ።

"ቺጉ..." አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንቺ እዚህ ከሆንሽ፣ ላይ ቤት ያለው ማነው?"



"ማንም የለም እማዬ" አለ ድምፄ። "ባሕር ያመጣው ነው።"

መጮህ አልችልም። ወለሉን ልረግጥ፣ እናቴ እንድትሰማኝ፣ ቀኝ እግሬን አነሳሁ።

ከበደኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ።

ጥቁር የጎማ ቡትስ አድርጌያለሁ። እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል።